ቤታችን ከላይ ሲታይ

ሰፈሩ «ባለቁልፉ» ይለዋል። ዕድሜውን የጨረሰው ኮረብታው አናት ላይ፣ በጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ በተሠራው የድንጋይ ግንብ በር ላይ ነው። ስለ ግንቡ አንድ ነገር ከጠየቃችሁት ማምለጫ የላችሁም። መሐንዲሱ ጠመዝማዛውን ደረጃ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ያጠበበው ሰው ሙታንን ለብቻው እንዲያስብ ነው፤ ቀጫጭኖቹ መስኮቶች ሁሉ ወደ ጦር ሜዳው የዞሩትም ለዚሁ ነው፤ ከተማው የሚታየው ጫፍ ካለው ሰገነት ብቻ ነው። ደረጃው ሁለት ሰው ስለማያስተላልፍ «ላይ ሰው አለ?» እያለ ይጣራል እንጂ የወጣው ሳይወርድ ሌላ አያስገባም።

ሚስቱ ከተጋቡ ጀምሮ የለመነችው አንድ ነገር ነበር።

«እስቲ አንድ ቀን አውጣኝና ቤታችንን ከላይ ልየው።»

«ግንቡ የት ይሄድብሻል? በሩንስ ለማን ልተወው?»

ለሩቅ እንግዳ ወገቡን ሰብሮ የሚያስተናግድ ሰው ለሚስቱ ጊዜ አጣ። የእጅ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኼ ነው። ነገ ዛሬ ሲል ጉልበቷ ከዳት፤ ከአልጋ እስከ በር እንኳ ያለ ዱላ አልሆንላት አለ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ከቤት አዝሏት መጣና ደረጃውን ተያያዘው።

«በስተርጅና ሙሽራ አደረግኸኝ!» እያለች ትስቅ ነበር።

መሃል ላይ ሲደርሱ የሷ ጉልበት ከዚህ፣ የሱ ክርን ከዚያ ግድግዳውን ይፍቅ ጀመር። ትንሽ እንደወጡ ጭራሽ ተቀረቀሩ። ጎኑን ዞረ፣ ጎንበስ አለ፤ ወይ ፍንክች! ዕድሜ ልኩን ሲያሞግሰው የኖረው ጥበት ሚስቱን አላሳልፍ አለው።

ደረጃው ላይ አስቀመጣትና ከእግሯ ሥር ተቀምጦ አለቀሰ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። በደህናው ጊዜሽ አምጥቼሽ ቢሆን…»

«ተው እንግዲህ፣ አንተ ሰው። በየማለዳው ልትጠርግ ትወጣ የለ? ንገረኝና ይውጣልኝ። ቤታችን ከላይ ሲታይ ምን ይመስላል?»

አፉን ከፈተ። የሰገነቱን ድንጋይ አንድ በአንድ ያውቀዋል፤ የትኛው በዝናብ እንደሚያዳልጥ ሳይቀር። ከተማውንም አይቷል፤ ጣሪያ በጣሪያ ነው። ቤቱ የትኛው እንደሆነ ግን አንድም ቀን ፈልጎ አያውቅም።

ዓይኗን ሸሸ። ያኔ ገባት።

«እኔ እኮ» አለች ቀስ ብላ፣ «በየማለዳው ደጅ ወጥቼ እጄን አወዛውዝልህ ነበር።»