ጣሊያን ሆኜ ያደግኩበት በር

መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ የምፈልገው አንድ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ሁልጊዜም ከሻማው በፊት እጄ ውስጥ የሚገባው ጣሊያን ነው። ጣሊያን ስላችሁ እንዳትደነግጡ። ሰም የተሞላ የለስላሳ ቆርኪ፣ ሰሙ ላይ የተተከለ ከጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ የእንጨት ሰው፣ ራሱ ላይ ደግሞ የዶሮ ላባ ስንጣሪ። ሻማውን ለኩሼ አጠገቡ ሳስቀምጠው ሰሙ መሽተት ይጀምራል፤ ከሰሙ ኋላ ሰጋቱራ፣ ከሰጋቱራው ኋላ የካዛንቺሱ ግቢያችን ይመጣል። ሌላው ሰው ልጅነቱን ሲያስታውስ ፈገግ ይላል አሉ። እኔ ንድድ እላለሁ።

አባቴ አናጢ ነበር። ከቤታችን ኋላ ቆርቆሮ የተቀጠለበት የሥራ ቦታ ነበረው፤ እዚያ ውስጥ አንድ ሰው አዝዞት ሳይወስደው የቀረ የዋንዛ በር በሁለት ሣጥን ላይ ተጋድሞ ዓመታት ኖረ። ከላይም ከታችም ጎበጥ ያሉ ጣውላዎች የገቡበት ከባድ በር ነው። እናቴ "ወይ ሽጠው፣ ወይ የሆነ ቦታ ግጠመው፣ መሄጃ አሳጣኝ እኮ!" እያለች ትጨቀጭቀው ነበር። አባቴ ሁለቱንም አላደረገም። ማይጨውን ሠራበት።

ላይኞቹ ጎባጣ ጣውላዎች ጣሊያን የመሸገባቸው ተራሮች ነበሩ። የቁልፉ ቀዳዳ አሸንጌ ሐይቅ ነበር። የእኛ ጦር ከበሩ እግር ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ የእኛ የቢራ ቆርኪ ነው፣ የጣሊያን የለስላሳ። ከሰፈሩ ቡና ቤቶች ደጃፍ ቆርኪ የምለቅመው እኔ ነበርኩ፤ ሰዎቹን በቢላ እየጠረበ ሰም ላይ የሚተክላቸው እሱ ነው። ለእኛዎቹ ትከሻቸው ላይ ነጭ ክር ይጠመጥምላቸዋል፤ ላባው የተራራ ወታደር ነኝ ባዩ የጣሊያን ነው።

ሁለት ቆርኪ ሲገናኙ ሳንቲም ይወረወራል። ዘውድ ወይስ ጎፈር? ዘውዱ ከሳንቲሙ ላይ ከወረደ ቆይቷል፤ ስሙን ግን ማንም አላወረደውም። ያልቀናው ይወድቃል። ተራራ ላይ ያለ ጣሊያን መትረየስ ስላለው ሁለት ጊዜ ይወረወርለታል። አውሮፕላኑ አባቴ ጆሮው ላይ የሚሰካው እርሳስ ነበር፤ እሱን በበሩ ላይ እያሳለፍኩ አንድ ጭብጥ ሰጋቱራ እበትናለሁ፣ ሰጋቱራ የነካው የእኛ ሰው ሁሉ ይወድቃል። ያ ጋዙ ነው። ከእኛ አንድ ሰው እንኳን ሳይመሽ ወጥቶ የጣሊያንን ድንኳን፣ ያቺን ባዶ የክር ጥቅልል ከነካ፣ ማይጨው የእኛ ሆነች ማለት ነው። የሚመሸው እናቴ የበረንዳውን አምፖል ስታበራ ነው።

"እበትናለሁ" ማለቴን ልብ ብላችኋል? ጣሊያን እኔ ነበርኩ።

ማን ይሁን ታዲያ? ታላቅ ወንድሜ ገና መጀመሪያ ቀን "ሞቼ ነው ቆሜ ጣሊያን የምሆነው!" ብሎ ኳሱን ታቅፎ ወደ ስታዲየም ወረደ፤ ከዚያ ወዲያ በሩ አጠገብ ደርሶ አያውቅም። የሰፈሩ ልጆችም እንደዚያው። አባቴ ደግሞ ጣሊያን ሊሆን አይችልም፤ አባቱ የቀረው ማይጨው ነዋ። አባቴ ያኔ ገና በሆድ ነበር። አይቶት ስለማያውቅ "አባቴ" ለማለት ምላሱ እሺ አይለውም፤ "ሰውዬው" ነበር የሚለው። ከቢራ ቆርኪዎቹ መሀል አንዱ፣ ክሩ ትንሽ ቢጫ ያለበት፣ ሰውዬው ነበር። ሁልጊዜ ከፊት መስመር በግራ በኩል ይቆማል።

እንግዲህ ያሳበደኝ ነገር ይኸውላችሁ። አባቴ ለራሱ ጦር ብቻ ያወጣው አንድ ሕግ ነበር። ከእኛ ወገን ሰው ሲወድቅ፣ አጠገቡ ያለው ሰው አንድ ተራ ቆሞ ያነሳዋል። ድል ደጅ ላይ ብትሆንም ይቆማል። አባቴ የወደቀውን ቆርኪ በሁለት ጣቱ ያነሳል፣ ሰጋቱራውን እፍ ብሎ ያራግፍለታል፣ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ያስገባዋል። የእኔን ሙታን ግን በመዳፌ ጠርጌ ጣሳ ውስጥ ነበር የምከታቸው። እሱ እስኪያነሳ እኔ ሁለተኛ እርሳስ አሳልፋለሁ፤ ይወድቃሉ፣ ያነሳል፤ ያነሳል፣ ይወድቃሉ። በዚህ መሀል አምፖሉ ይበራል። አንድም ቀን አሸንፎኝ አያውቅም።

"አባዬ፣ ይቺን ሕግ ተዋት፤ ዛሬውኑ ታሸንፋለህ እኮ!" እለዋለሁ።

"ተራሽ ነው" ይለኛል።

ሌላ ሰው ተራውን ሲተው "አለፍኩ" ነው የሚለው። እኛ ቤት ያ ቃል ነውር ነበር። አባቴ ሰው ሊያነሳ ሲል "ቆሜያለሁ" ይላል እንጂ "አለፍኩ" አይልም። አንድ ቀን ረስቼ "አለፍኩ" ስል ፊቱ ጭምድድ አለ፤ ምክንያቱን ያወቅኩት ከእናቴ ነው። ከሰውዬው ጋር የዘመተ ያገሩ ሰው ከማይጨው ሲመለስ አያቴ ዘንድ ሄዶ ነገራት አሉ። "ወድቆ አየሁት።" "ከዚያስ?" "ከዚያማ... አለፍኩ።" አያቴ ባዶ ልብስ ዘርግታ አለቀሰች፤ ያለ አስከሬን፣ ያለ መቃብር። አባቴ ያደገው ያንን ቃል እየሰማ ነው። ማትሪክ ልፈተን ስሄድ የሰፈሩ ሰው ሁሉ "ታልፊያለሽ!" ሲለኝ፣ እሱ ብቻ በር ላይ ቆሞ "ይቅናሽ" አለኝ።

ይህን ካወቅኩ በኋላ ንዴቴ የሚበርድ መስሏችሁ ይሆናል። ባሰበት እንጂ። ምን እንደሚፈልግ ገብቶኝ፣ ልሰጠው አለመቻሌ አንገበገበኝ። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ እንዲያሸንፍ ፈለግኩ። ሰውዬው ያንን ተራራ ወጥቶ ድንኳኑን ሲነካ አባቴ እንዲያይ ፈለግኩ። የሰፈሩ ዳማ ተጫዋቾች በሥራ ቦታው ደጃፍ ሲያልፉ አንገታቸውን ያስገቡና "ጋሼ፣ ዛሬም ማይጨው ተፈታ? ኧረ ልጅቷን ለሮም ሊድሯት ነው!" እያሉ ይስቃሉ። እሱም አብሯቸው ይስቃል። እኔ ላቤ ይመጣል።

አንድ ቅዳሜ ሆን ብዬ ልሸነፍለት ወሰንኩ። እርሳሱን "ረሳሁት"። ድንኳኑን ያለ ጠባቂ ተውኩት። ዘውድ ሲወጣ ጎፈር አልኩ። አባቴ እጁን በሩ ላይ አሳረፈ።

"ጣሊያን እንዲህ ቸር አልነበረም። መልሺው።"

"ምኑን?"

"ሁሉንም። ከመጀመሪያው።"

እያለቀስኩ መለስኩት። እያለቀስኩም አሸነፍኩት።

አሁን ልጄ ሶፋው ላይ ተጋድሞ በስልኩ ጦርነት ይጫወታል፤ መብራት ቢጠፋም ባትሪ አለው። ወታደሮቹ ይወድቁና ብልጭ ብለው ይጠፋሉ። "የት ሄዱ?" እለዋለሁ። "ይጠፋሉ በቃ።" "ማን አነሳቸው?" "እማ፣ ደግሞ ጀመርሽ! ጌም እኮ ነው!" እኔም በሱ ዕድሜ የምለው ይህንኑ ነበር።

ያኔ፣ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ፣ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ያዝኩ፤ አባቴ አረጀ፤ ጨዋታው በዓመት አንዴ ሁለቴ ሆነ። አንድ ክረምት ሲወጣ ሰዎች መጥተው አጥራችን ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉ። ሰፈሩ ሊፈርስ ነው፤ ለእኛ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ደረሰን። ዕቃው በታሰረበት፣ የግቢው ግማሽ በተነቀለበት እሑድ አባቴ ኪሱን ዳበስ ዳበስ አድርጎ "ሳንቲም አለሽ?" አለኝ።

እንደዚያን ቀን ቀንቶት አያውቅም። ዘውድ ሲል ዘውድ፣ ጎፈር ሲል ጎፈር። አሸንጌን አለፈ፣ ይቅርታ፣ አሸንጌን ተሻገረ። ሰጋቱራዬን ነፋስ ወሰደው፤ አጥሩ ፈርሶ ነፋሱ እንደልቡ ይገባ ነበር። እኔ እንደ ጣሊያን የምችለውን ሁሉ እያደረግኩ ነው፤ ምንም አላጎደልኩም። እና ሰውዬው ያንን ጎባጣ ጣውላ ወጣ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከድንኳኔ አንድ እርምጃ ላይ ቆመ። አጠገቡ አብሮት የወጣ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሳንቲሙን ወረወርኩ። ያ አጠገቡ ያለው ወደቀ።

የአባቴ ተራ ነው።

"አባዬ፣ አንድ እርምጃ ናት።"

"አያታለሁ።"

"ነገ እኮ ይህ ግቢ የለም።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ እለፈው! በናትህ ዛሬን ብቻ እለፈው!"

አፌን ያዝኩ። አባቴ አልተቆጣም። የወደቀውን በሁለት ጣቱ አነሳ፣ እፍ አለበት፣ ኪሱ ከተተው። "ቆሜያለሁ" አለ። "ተራሽ ነው።"

ተራራ ላይ ስለነበርኩ ሁለት ጊዜ ወረወርኩ። ሰውዬው በጀርባው ወደቀ። አጠገቡ የሚያነሳው አንድም ሰው አልነበረም፤ ብቻውን ነው እዚያ የደረሰው። አባቴ ትንሽ ጎንበስ ብሎ አየው፤ እጁን ግን አልሰደደም። ሕግ ሕግ ነው፣ ከሩቅ አይነሳም። እናቴ እንደ ልማዷ አምፖሉን አበራች።

ማልቀሴን ሲያይ "ደግሞ ያሸነፈ ሰው ያለቅሳል እንዴ?" አለኝና ራሴን ዳበሰኝ። ያን እጁን ገፍቼ ተነሳሁ። እንዴት አልናደድ?

በማግስቱ በሩን መኪና ላይ ሲጭኑት ሰውዬውን ከሰጋቱራው ውስጥ ለቅሜ ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅኩት። በሩ ኮንዶሚኒየሙ ጋ ሲደርስ በደረጃው መታጠፊያ አልዞር አለ። ቢያጋድሙት፣ ቢያቆሙት እምቢ አለ። በመጣበት መኪና ተመለሰ፤ የት እንደደረሰ አላውቅም። አባቴ በአዲሱ ቤት መስኮት አጠገብ ወንበር ይዞ ተቀመጠ። ሰውዬውን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ እዚያው ወንበር ላይ እያለ አረፈ። የካዛንቺስ እድራችን ተበትኖ ነበር፤ አንዱ በዚህ የከተማ ጫፍ፣ አንዱ በዚያ። ሣጥኑን ለማውረድ ሰው ቁጠሩ ቢባል ወንድሜ፣ አንድ የአክስቴ ልጅ፣ ሁለት ታክሲ ቀይረው የመጡ ሁለት ሽማግሌ ዳማ ተጫዋቾች ብቻ ተገኙ። ለደረጃው አይበቁም። በየፎቁ በሮቹ ተዘግተዋል፤ የማንም ስም አናውቅም። ዕድሜ ልኩን የወደቀ ሲያነሳ የኖረ ሰው የሚያነሳው አጣ ብዬ አንጀቴ ተቃጠለ። ሣጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ልሰናበተው ጎንበስ ስል፣ ሰውዬውን በጋቢው እጥፋት ውስጥ ከተትኩት። መቃብር አልነበረውማ።

ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ፣ በሩ አልዞር ያለበት ቦታ፣ ሣጥኑም ተያዘ። የአንደኛው ሽማግሌ ጉልበት ሲብረከረክ አየሁ። በዚህ መሀል አንድ ወጣት በሁለት እጁ የቲማቲም ፌስታል አንጠልጥሎ ሽቅብ ይወጣል። ሽማግሌው እያለከለኩ "እለፍ ልጄ፣ ግድግዳውን ይዘህ እለፍ" አሉት።

ልጁ ሣጥኑን አየ። "ኧረ አባቴ፣ ቆሜያለሁ" አለ።

ፌስታሎቹን ደረጃው ላይ ጣላቸው። የሽማግሌውን ቦታ ወሰደ፣ ትከሻውን ከሥር አስገባ፣ ሣጥኑን ከፍ አድርጎ አዞረው። አባቴን ብቻ አይደለም፤ ሳያውቅ ሰውዬውንም አነሳው። መኪናው ድረስ ወርዶ ካስገባቸው በኋላ በግርግሩ መሀል ጠፋብኝ፤ ስሙን አልጠየቅኩትም።

አባቴ ማይጨውን አላሸነፈም። ይህን ማንም ቢያጣፍጠው አልሰማም፤ አሁንም ያናድደኛል። የቀሩኝም ጣሊያኖቹ ብቻ ናቸው።

ከቀብር ስንመለስ ቲማቲሙ ደረጃው ላይ እንደተበተነ ነበር፤ አንዱ ተረግጧል። የቀረውን በነጠላዬ ለቀምኩት። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ ግራና ቀኝ አየሁ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት የብረት በር ነው። የትኛው የዚያ ወጣት እንደሆነ አላውቅም። የመጀመሪያውን አንኳኳሁ።