ለትምህርቴ ወፍ የጠበቅኩበት ክረምት

በነጋታው ልሄድ፣ ማታውን ጎረቤቱ ሁሉ ለዱአ እኛ ቤት ተሰበሰበ። መንደራችን ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብላ ሮቢ ወንዝ ዳር ናት። ከዚያ መንደር ሶቪየት አገር ለትምህርት የተላከ ሰው ከእኔ በፊት አልነበረምና፣ የመጣው ሰው ምን ብሎ እንደሚመርቀኝ ግራ ገብቶት ነበር። ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው «ያ ረቢ፣ በሰላም አድርሰህ በሰላም መልስልን» አሉ፤ ቤቱ «አሚን» አለ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ፣ «ለመሆኑ እዚያ ቀለብህን የሚችለው ማነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«መንግሥት ነው» አልኳቸው።

«የእኛው?»

«የለም፣ የእነሱ።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና «የሰው መንግሥት ምን በወጣው!» አሉ። ሁሉም ሳቀ። አባቴ ጋሽ ሙሄ ግን አልሳቁም፤ እሳቸውም ይህንኑ ሲያስቡ ነበር መሰለኝ።

ሲነጋጋ ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ሻንጣዬን ተሸክሞ እስከ አውቶቡሱ ሸኘኝ። ሰይድ ትምህርቱን አቋርጦ አባቴን እርሻ ላይ የሚያግዝ፣ ከእኔ ይልቅ ትከሻው ሰፊ የሆነ ልጅ ነው። ሲስመኝ በጆሮዬ፣ «ሴቶቹ እንዴት እንደሆኑ ለብቻዬ ጻፍልኝ» አለኝ። አውቶቡሱ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በር ዋሻ ሲደርስ ብርዱ በመስኮት ገብቶ ጥርሴን ያንቀጫቅጨው ጀመር። ከዚህ የባሰ ብርድ በዓለም ላይ አይኖርም ብዬ በልቤ ፈረድኩ። ቆላ ያደገ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው።

የደረሰኝ ከተማ ኦዴሳ ነው፤ ዩክሬን ውስጥ፣ ጥቁር ባሕር ዳር። ሰዎቿ እንደ አጣዬ ገበያተኛ ጮክ ብለው ይነጋገራሉ፣ ዋጋ ይከራከራሉ፣ የማያውቁትን ሰው መንገድ ላይ አስቁመው ይመክራሉ፤ በዚህ በኩል አገሬ ያለሁ መሰለኝ። ብርዱንስ ካፖርት ቻለው፤ ያስቸገረኝ ምግቡ ነው። ግሬችካ የሚሉት ቡናማ እህል አላቸው። ንፍሮ እንዳትሉት ንፍሮ አይደለም፣ ገንፎ እንዳትሉት ገንፎ አይደለም። የአሳማ ሥጋ እንደማልበላ ለተማሪዎች ምግብ ቤት ሴትዮ በቃልም በእጅም አስረዳኋት። ገባት። አዝናልኝ ሳህኔን በተቆራረጠ ቋሊማ ሞላችው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ካልባሳ።»

«ከምን የተሠራ?»

«ከአሳማ።»

«አሳማ አልበላም አልኩሽ እኮ!»

«አሳማ አይደለም ልጄ» አለችኝ ታግሣ፣ «ካልባሳ ነው።»

መንግሥታቸው ስቲፔንዲያ የሚሉትን የኪስ ገንዘብ በየወሩ ይሰጠናል፤ ቀለባችንም ከዚያው ነው። ለቆጠበ ያደርሳል። ጫማና ካፖርት ሲጨመርበት ግን አያደርስም፤ ስለዚህ ሐበሻው ሁሉ የየራሱ ዘዴ ነበረው። ደፋሮቹ በባቡር ምዕራብ በርሊን ድረስ ሄደው ጂንስና ጃንጥላ ያመጡና ዶርም ውስጥ ይቸረችራሉ። ጉልበት ያላቸው ባቡር ጣቢያ ሄደው ፉርጎ ያራግፋሉ። አንድ የጎጃም ልጅ የሰው ፀጉር እየቆረጠ ነው ኢንጂነር የሆነው። እኔ ለንግዱ ፈሪ፣ ለፉርጎው ቀጫጫ ነበርኩ፤ ግሬችካዬን እየበላሁ እቆጥብ ነበር።

ከዚያ በአንደኛው ዓመት ማብቂያ ኬሚስትሪ ወደቅኩ። ትምህርቱን አውቀዋለሁ፤ ያቃተኝ አስተማሪው ፊት ቆሞ በሩስኪ፣ በእነሱ ቋንቋ፣ ማስረዳት ነው። ምክትል ዲኗ ወፍራም መነጽር ያደረጉ ሴት ነበሩ። አስጠርተውኝ፣ «የወደቀ ተማሪ ስቲፔንዲያ አይከፈለውም። በመስከረም እንደገና ትፈተናለህ» አሉኝ።

«እስከዚያ ምን ልብላ?»

«ኬሚስትሪ አንብብ።»

«ካላለፍኩስ?»

«አገርህ ትገባለህ። ስለ ትኬቱ አታስብ፣ እኛ እንከፍላለን» አሉኝ፤ ደግ ነገር የነገሩኝ መስሏቸው።

አገሬ ብገባ የሚጠብቀኝን አውቀዋለሁ። ጊዜው ብሔራዊ ውትድርና የታወጀበት ነው። ከትምህርት የተባረረ ጎረምሳ ሻንጣውን ሳይፈታ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ይጫናል። አልዋሻችሁም፣ በጣም ፈርቼ ነበር። እስከ መስከረም እየበላሁ መክረም፣ ያውም እያነበብኩ መክረም ነበረብኝ።

ሥራ ያገኘሁት በወፍ ነው። የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ ነውና፣ በዚያ ወቅት ወይን ይበስላል። ከከተማው ውጭ ያለ አንድ የጋራ እርሻ፣ ኮልሆዝ ይሉታል፣ ወፍ ጠባቂ ይፈልጋል ሲባል ሰማሁ። ስክቮሬትስ የሚባል ጥቁር ወፍ በመንጋ እየወረደ ዘለላውን ይጨርሰዋል። እኔ ደግሞ የይፋት ልጅ ነኝ። ግሪሳ ማሽላ ላይ ሲወርድ ያላየ ሰው ስለ ወፍ ባያወራኝ ይሻላል፤ ማማ ላይ ነው ያደግኩት። ከሲባጎ ወንጭፍ ሠርቼ ሄድኩ። የሠራተኞቹ አለቃ ዲያድያ ቫንያ ይባላሉ፤ ዲያድያ እኛ ጋሼ እንደምንለው ነው። ፊታቸው ቆሜ ወንጭፉን አንድ ጊዜ አዙሬ ሳስወነጭፍ መንጋው በጩኸቱ ብቻ ተነሣ። ሽማግሌው ቆባቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩና፣ «ዩኒቨርሲቲ ይኼን ነው የሚያስተምሯችሁ?» አሉኝ።

የእንጨት ማማ አቆሙልኝ። ጠዋትና ወደ ማታ ወፉ ይበረታል፤ እጮሃለሁ፣ አስወነጭፋለሁ። ቀትር ላይ ወፉም ጥላ ሲፈልግ ኬሚስትሪዬን በሩስኪ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ የቀሩት ጥቂት ወፎች በኬሚስትሪው ይሸሹ ነበር። ሙቀቱ የሮቢት ሙቀት ነው፤ እዚያ አገር ከገባሁ ሰውነቴ የተፍታታው ያን ጊዜ ነው። ወይኑ መጠጥ እንደሚጠመቅበት ለአባቴ አልጻፍኩም። «ፍራፍሬ እጠብቃለሁ» ነው ያልኩት፤ ውሸት የለበትም።

አሁን ስሕተቴን ልንገራችሁ፣ ስሕተት ከተባለ። እኛ አገር እህል ጠባቂ ለመንገደኛ እሸት አይከለክልም። ደንቡ፣ ይብላ፣ አይያዝ ነው። በአፉ የገባው ሀላል ነው፤ በቀሚሱ ከቋጠረ ግን ሌባ ነው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ የአገሬ ልጅ ሁሉ እንደሚያውቀው አውቀዋለሁ። በወይኑ ዳር ደግሞ ወደ ባሕሩ የሚወስድ መንገድ አለ። ልጆቻቸውን የያዙ እናቶች፣ ፈቃድ የወጡ ወታደሮች፣ አሮጊቶች ሲያልፉ ከማማዬ ሥር ቆም ይላሉ። እኔ «ብሉ፣ ብሉ» እላለሁ። መጀመሪያ ወጥመድ መስሏቸው ይፈራሉ፤ ከዚያ ይበላሉ። ሲሄዱ ከረጢታቸውን አያለሁ፤ የቋጠረ ካለ አስፈታዋለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ነጭ መኪና መጥታ ቆመች። ሾፌሩ ወርዶ ሁለት ባልዲ ሙሉ ወይን ቆረጠ። ከማማው ወረድኩ።

«መብላት ትችላለህ» አልኩት። «ባልዲው ግን አይሄድም።»

«ይኼ የማን መኪና እንደሆነ ታውቃለህ?»

«የመንገደኛ።»

ሰውዬው እኔንም ወንጭፉንም አየና ባልዲዎቹን ትቶ ሄደ።

በማግስቱ ጽሕፈት ቤት ተጠራሁ። የኮልሆዙ ሊቀመንበር ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጠዋል፤ ጎናቸው የሂሳብ ሹሟ፣ በሩ አጠገብ ዲያድያ ቫንያ። ሊቀመንበሩ ለምማርበት ዩኒቨርሲቲ ክስ እንደሚጽፉ ነገሩኝ። ክስ ማለት ምክትል ዲኗ፣ ምክትል ዲኗ ማለት ትኬት ነው።

«የሕዝብን ንብረት ለአልፎ ሂያጅ ሁሉ አብልተሃል። ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

«በማን ፈቃድ?»

«መንገደኛ ናቸው። ደግሞ ሕዝብም ናቸው።»

የሂሳብ ሹሟን ሳል ያዛት።

«ስንት ኪሎ ተበላ?»

«እኔ እንጃ። ሰው ቆሞ ስንት ይበላል? ይዞ የሄደ ግን የለም፤ በአላህ እምላለሁ።»

«እዚህ በአላህ አይማልም። አንድም ሰው ይዞ አልሄደም?»

«አንዱ ሁለት ባልዲ ይዞ ሊሄድ ነበር፣ አስጣልኩት። መኪናው ነጭ ነው፤ ሰሌዳውንም አይቼዋለሁ…»

ወላሂ ተንኮል አልነበረኝም፤ ሌባውን ቢይዙልኝ ብዬ ነው። መኪናዋ የሊቀመንበሩ መሆኗ የገባኝ የዲያድያ ቫንያ ትከሻ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ሳይ ነው። ሊቀመንበሩ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የመሪያቸውን ፎቶግራፍ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ለሂሳብ ሹሟ፣ «የጎደለውን ወፍ በላው በይ። ለዚህ ልጅ የወሩን ደመወዝ ከፍለሽ አሰናብችው» አሏት። ወደ እኔ ዞረው፣ «ምንድን ነው የምትማረው?» አሉኝ።

«ግብርና።»

«አደራህን፣ አስተዳደር እንዳትማር» አሉኝ።

ክሱ አልተጻፈም፣ ደመወዙም እስከ መስከረም አደረሰኝ። ኬሚስትሪውን ቆሜ በሩስኪ አስረዳሁና አለፍኩ። ደስታውን የማካፍለው ዘመድ አጥቼ፣ አባቴ በቀጠርኳቸው ቀን ሸዋ ሮቢት ስልክ ቤት እንዲገኙ ቴሌግራም ላክሁ። የቀጠሮው ዕለት ኦዴሳ ፖስታ ቤት ጠባብ የስልክ ሳጥን ውስጥ ገብቼ ቆየሁ። ብዙ ከተንጫጫ በኋላ የአባቴ ድምፅ መጣ፤ ያለ ስልክ ሊደርስ ይመስል ይጮሁ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም! አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ አባባ! ፈተናውን አለፍኩ!»

«አልሐምዱሊላህ። በልተህ ታድራለህ?»

«እበላለሁ። ሰይድን እስቲ አገናኙኝ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አባባ!» አልኩ።

«አለሁ። ሰይድ የለም።»

«የት ሄዶ?»

«ከገበሬ ማኅበሩ መጥተው…» ብለው አቆሙ። ስልክ ቤቱ ውስጥ ሰው እየሰማቸው እንደሆነ ገባኝ። ቀጥለውም ስብሰባ ላይ በሚነገርበት ቃል፣ «ለአገር ግዳጅ ሄዷል። ከመንደሩ ልጆች ጋር» አሉኝ።

እኔን ሲፈልግ የነበረው ነገር ወንድሜን አገኘው። የሳጥኑን ግድግዳ ተደገፍኩ። እንባዬ በድምፄ እንዳይታወቅ ታገልኩ፤ አልሆነልኝም።

«አባባ፣ ልምጣ?» አልኳቸው፤ በምን እንደምመጣ፣ መጥቼስ ምን እንደማደርግ ሳላውቅ።

«ስንት ዓመት ይቀርሃል?»

«አራት።»

«አይጨመርበትም?»

«ምኑ?»

«ዓመቱ። የሚጨመርበት ከሆነ አስጨምርበት። ሰምተኸኛል?»

ሰምቻለሁ አልኳቸው።