ደህና ነኝ ማለት ያመጣው ጣጣ

ኬንታኪ ውስጥ፣ ፓይን ፎርክ በምትባለው መንደር፣ ሃርላን ካፕሾን «እንዴት አደርክ?» ብሎ «ደህና» ያልተባለ ሰው የለም። ጣራው ቢነቀል ደህና፣ ውሻው ቢሞት ደህና። ኢራቅ ዘምቶ ሳለ መንገድ ዳር የተቀበረ ፈንጂ መኪናቸውን ገልብጦ ጭንቅላቱንና ወገቡን ሲያደቀው እንኳ፣ ላነሡት ሐኪሞች «እኔ ደህና ነኝ፣ አብረውኝ የነበሩትን ልጆች እዩልኝ» አለ ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት የሚያውቅ የለም፤ ሰፈሩ ግን አምኖበታል።

ደህና ግን አልነበረም። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ገላውን ብቻውን አይታጠብም፣ ሽንት ቤት ከገባ ብቻውን አይወጣም። ሚስቱ ሮንዳ ከዶሮ ፋብሪካ ሥራዋን ትታ ስድስት ዓመት አስታመመችው፤ መንግሥትም የአስታማሚ አበል ይቆርጥላታል። አሁን «እውን አስታማሚ ያስፈልገዋል ወይ?» የሚል ግምገማ መጣ። አያስፈልገውም ከተባለ፣ ሮንዳ ወደ ዶሮዋ፣ ሃርላን ወደ ባዶ ቤቱ።

ጎረቤታቸው ኔልዳ፣ ሳትጠራ የምትመጣ ሳትጠየቅ የምትመክር ሴት፣ በዋዜማው ልታሠለጥነው ገባች።

«ስማኝ ሃርላን፤ ነገ እንዳትላጭ። እንደ ዘመመ አጥር ሁንልኝ።»

«እንግዳ እየመጣ?»

«ገምጋሚዋ እንግዳ አይደለችም፣ መንግሥት ናት!»

«መንግሥትስ ብትሆን ጺማም ሰው ምን በወጣት ታያለች?»

«ሮንዳ፣ ይሄ ሰውዬ አይሰማኝም። ምላጩን ደብቂበት።»

ሮንዳ ደበቀችበት።

በነጋታው ገምጋሚዋ ዶሴዋን ይዛ መጣች። ሃርላን ጺሙን አንጨፍርሮ፣ እንደ ተመከረው ሶፋው ላይ ተዘፍዝፏል። ነገሩ ሁሉ አማን ነበር፣ ሴትዮዋ ጫማዋን ጠርጋ ገብታ፣ «ሃምሳ አለቃ ካፕሾ፣ እኔም አፍጋኒስታን ዘምቻለሁ» እስክትል ድረስ።

ሃርላን ተነሣ። ያለ ከዘራ፣ ያለ ሮንዳ ክንድ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል።

«ይቀመጡ እንጂ።»

«ደህና ነኝ። መቆም ይስማማኛል።»

«ገላዎን ማን ነው የሚያጥብዎ?»

ሮንዳ አፏን ስትከፍት ቀደማት። «ራሴ።»

«ሃርላን!»

«ራሴ አልኩ እኮ።»

«ውሸቱን ነው! ትናንት እንኳ ገንዳው ውስጥ...»

«ሮንዳ፣ በሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

ገምጋሚዋ ሁለቱንም አየች። ከዚያ የተባለውን ጻፈች። ቅጹ «ኩሩ ነው» የሚባልበት ቦታ የለውም።

የመኪናዋ ድምፅ ሲርቅ ሃርላን ወለሉ ላይ ተዘረረ። ሮንዳ አነሣችው። ላቡን ጠረገችለት፤ ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ደብዳቤው በሰባተኛው ሳምንት ደረሰ፦ «የቀድሞው ወታደር የዕለት ተግባሩን ያለ ረዳት ያከናውናል።» ሮንዳ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ወደ ፋብሪካው ተመለሰች። ኔልዳም ላገኘችው ሁሉ «ምላጩን ደበቅን፣ ምላሱን ረሳን» ትላለች።

አንድ ረፋድ ሃርላን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ይግባኝ ሰሚው ዘንድ ደወለ። ማሽን አነሣው።

«እባክዎ የደወሉበትን ምክንያት በአጭሩ ይናገሩ።»

ለማሽን መናገር ይቀላል ብሎ ይሆናል። ጉሮሮውን ጠረገ። «ብቻዬን... ገላዬን መታጠብ አልችልም።»

«ይቅርታ፣ አልሰማሁዎትም።»

ደገመው።

«ይቅርታ፣ አልሰማሁዎትም። እባክዎ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይናገሩ።»

«ሱሪዬን ማውለቅ አልችልም!» ብሎ ጮኸ፣ ሠልፍ እንደሚያዝ አለቃ። «ቂጤን መጥረግ አልችልም! ሰማሽ?»

መስኮቱ ክፍት ነበር። ፖስተኛው ደብዳቤ በእጁ እንደ ያዘ ደርቆ ቀረ። ደጇ ላይ የነበረችው ኔልዳ ግን፣ ይህን የመሰለ ወሬ በነጻ ወድቆላት ሳለ፣ አቀርቅራ ወደ ቤቷ ገባች።

ስልኩ ጠቅ አለና የሰው ድምፅ መጣ። «ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ። ቅጹን የሚሞላልዎ ሰው አጠገብዎ አለ?»

«ነበረች» አለ ሃርላን። «አሁን ሥራ ላይ ናት።»