ሰመር ሲገባ የሚከሳው ሥጋ

ባለቤቴ ልጃችንን ባረገዘች ጊዜ ዳላስ አጠገብ ግሬፕቫይን በምትባል ከተማ ባለ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ማሰል አጥብ ነበር። ማሰል በጥቁር ዛጎል ውስጥ ተዘግቶ የሚኖር የባሕር እንስሳ ነው። ባሕር ውስጥ በተንጠለጠለ ገመድ ላይ ያረቡትና በአውሮፕላን ይመጣልናል።

ብርዱ ሊያበቃ ሲል ባለቤቴን ደም አነሳት። ሌዊስቪል ያለው አፓርትማችን ፎቅ ላይ ስለነበረ ደረጃው መሐል እየተቀመጠች ታርፍ ጀመር። ሐኪሟ ለደሙ ያዘዘላት የአይረን ክኒን ያስመልሳታል፤ የበሬ ሥጋ ደግሞ ገና ሲሸታት ይዘጋታል። ይህን ለሼፉ ሳወራው ማሰል ለደም ጥሩ ነው ብሎ፣ ከተረፈው እንድወስድላት ፈቀደልኝ።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ግን አልወደዱትም። በቅርቡ ከደሴ የመጡ ናቸው፤ ልጃቸው ጴንጤ መሆኗም ገና አልወጣላቸውም። ድስቱን ከፍተው አዩና፣

«የማይታረድ ነገር ምን ደም አለው?» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ድስት አብስለው አያውቁም።

ባለቤቴ በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ ስሠራላት ትበላው ነበር። ሥጋው ዛጎሉን ሞልቶ የሚወጣበት ወቅት ነው። ቀስ በቀስ ፊቷ ፈካ፤ ደረጃውንም ሳታርፍ ትወጣ ጀመር።

ሙቀቱ መጥቶ ሰመር ሲገባ ማሰሉ ተለወጠ። ዛጎሉ ያው ነው፤ ሲከፈት ግን ሥጋው ኮስምኖ ውሃ ውሃ ይላል። የተበላሸ መስሎኝ ለሼፉ አሳየሁት። እንዳልተበላሸ ነገረኝ። ዘሩን ባሕር ላይ በትኖ ነው፤ ያጠራቀመውን ሁሉ ለዘሩ ስለሚያወጣ ይከሳል፤ እስኪያገግም ወራት ይፈጅበታል አለኝ።

ባለቤቴ ሥጋው ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ ሼፉ ያለኝን እንዳለ ነገርኳት። ያኔ ሆዷ ገፍቶ ክንዷ ቀጥኖ ነበር። ሳህኑን ቀስ አድርጋ ገፋችው።

«እኔስ ማገገሜን በምን አውቃለሁ?» አለችኝ።

አማቴ ከተቀመጡበት ተነሥተው ሳህኑን አነሡ።

«እንዲህማ ከሆነ ይሄም አራስ ነዋ» አሉ። «አራስን አይበሉትም።»

ከዚያ ወዲህ ምስርና ጎመን እየሠሩ በእጃቸው ያጎርሷት ጀመር። እኔም ማሰል መውሰዱን ተውኩት።

ዳላስ ባለ ሆስፒታል ስትወልድ ብዙ ደም ፈሰሳት። ሴት ልጃችን ጤነኛ ነበረች፤ ባለቤቴን ግን ከእኛ ለይተው እየሮጡ ወሰዷት። ኮሪደሩ ላይ አማቴ ዳዊታቸውን እንደያዙ ሳያነብቡ ቁጭ አሉ። የሰው ደም ተሰጥቷት እንደተረፈች ነርሷ መጥታ ስትነግረን፣ እንግሊዝኛውን እስክተረጉምላቸው አልጠበቁም። ፊቴን አይተው ማልቀስ ጀመሩ።

ባለቤቴ ለመቆም ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ከቸርች የሚመጡ ሴቶች ልጅቱን እያዩ፣ ወንድም እንዲጨምርላት ይመርቁን ነበር። ባለቤቴ «አሜን» አትልም። እኔም አልልም።