ነገ የሰብለን የሕይወት ታሪክ የማነበው እኔ ነኝ

ስልኩን ዘግቼ እንደገና ደወልኩ። ወንድሟ ያንኑ መልሶ ነገረኝ። ሰብለ ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ ደጃፏ ላይ ወድቃ አልተነሣችም። ሦስተኛ ብደውል ሌላ ነገር የሚለኝ መስሎኝ ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ።

እዚህ ገጽ ላይ ከበዓል መልካም ምኞት በቀር ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ዝም ብል ሌላ ሰው ይጽፍላታል። ጀምሯልም።

ለማታውቋት፦ ዶክተር ሰብለ በዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህርት ነበረች። ከዚያ ሁሉ በፊት ጉለሌ ውስጥ ስድስተኛ ክፍል እኔ አስተምሬያታለሁ። እስከ ዛሬም «ቲቸር» ነበር የምትለኝ።

ቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች መካከል የኖረ ሰው ጭሱን ያውቀዋል። ሸክላው ደጅ ተደርድሮ በቅጠልና በኩበት ሲቃጠል፣ ጭሱ ከልብስ አልፎ ደረት ውስጥ ይቀመጣል። ጎረቤቴ ወርቄ ሸክላ ስትሠራ ነው ያረጀችው። ሳትስል አንድ ወሬ መጨረስ አትችልም ነበር።

ሰብለ እኔን ልትጠይቅ መጥታ ሳሉን በአጥር በኩል ሰማች። በሚቀጥለው ሳምንት የጭሱን ናሙና ልትወስድ መጣች። ጥናቱ ተጽፎ፣ ውጭ አገር መጽሔት ላይ ታተመ። ያን ጊዜ የክፍሏ ኃላፊ፣ «ታተመልሽ እኮ፣ ከዚህ በላይ ምን ፈለግሽ?» አላት።

«ወረቀት አይስልም፤ የምትስለው ወርቄ ናት» አለችው።

ይህን ቃል ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ከአፏ ሰማሁ። የምትለው ደግሞ ጫማዋን እያሰረች፣ ልትሄድ ስትነሣ ነበር።

ከሕክምናው አንድ የሳንባ ሐኪም አመጣች። ከምሕንድስናው ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ የሚነድፍ። ከታሪክ ደግሞ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጦ እናቶቻቸው እንዴት ያቃጥሉ እንደነበር የሚጠይቅ። ሁሉም መምህራን ናቸው፤ ማንም አላዘዛቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ በታክሲ ይመጡ ነበር።

የመጀመሪያው ምድጃ የነደደ ቀን አይረሳኝም። ጭሱ ከሴቶቹ ራስ ላይ ተነሣ፤ ደስ አለን። ከዚያ አጥሩን ተሻግሮ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ገባ። ክርስትና ሊነሡ የመጡ ሕፃናት በሙሉ ያስነጥሱ ጀመር። አንድ ቄስ ጠምጥመው ወጡና፣ «ልጄ፣ ዕጣን እንኳ እኛ ጋ ሞልቷል» አሏት።

ወርቄ ከሳቋ መሀል፣ «ዶክተርዬ፣ ሳላችንን ለካህናቱ አካፈልሽልን» አለች።

ሰብለ አመድ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። በሳምንቱ ስለ ነፋስ የሚያጠና የጂኦግራፊ መምህር ይዛ መጣች። ሰውየው በየጣሪያው ላይ ጨርቅ አስሮ ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ሲያይ ሰነበተ። ጭስ ማውጫው ቦታው ተቀየረ፤ ቁመቱም ጨመረ። ዛሬ ወርቄ ስትሳደብ እንኳ ትንፋሽ ሳያጥራት ነው። ያንን ስድብ አጥር ለአጥር ስሰማ ዩኒቨርሲቲ ለምን እንደተሠራ ይገባኛል።

አሁን ወደ ኃላፊው ልመለስ።

መምህራኑ ሁሉ በተሰበሰቡበት «ጭቃ ማቡካት ምርምር አይደለም» ብሏታል። «አንቺም ሸክላ ሠሪ ሆንሽ» ብሏታል፤ ይህ ቃል ለስድብ ሲባል በውስጡ ምን እንዳለ የቀጨኔ ሰው አይጠይቅም። የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ቀየረባት። የማዕረግ ዕድገቷን አስቀረባት። ምድጃው ሠርቶ ቴሌቪዥን የመጣ ቀን ግን ከረባት አስሮ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። የወርቄን ድስት አንሥቶ ለካሜራው «የክፍላችን ሥራ ነው» አለ። ሰብለ ከኋላ፣ በር ላይ ቆማ ነበር። ወርቄ ጠጋ ብላ፣ «ስጡኝ ጌታዬ፣ እንዳይሰብሩት» ብላ ከእጁ ወሰደችው።

ዛሬ ጠዋት ይኸው ሰው «በእኔ አመራር ሥር ያበበች» ብሎ ጽፏል። አስከሬኗ ገና ከሆስፒታል ሳይመለስ ለወንድሟ ደውሎ፣ ነገ ቤተ ክርስቲያን ላይ የሕይወት ታሪኳን እኔ ላንብብ ብሏል። ልጁ በኀዘን የሚይዝ የሚጨብጠው ጠፍቶት እሺ ሊል ነበር። ይህን ሊነግረኝ ሲደውል እናቷ ስልኩን ከእጁ ተቀብለው፣ «ቲቸር፣ ልጄን ለዚያ ሰው አልሰጥም። እርስዎ ያንብቡላት» አሉኝ።

አነባለሁ። ይቅር በዪ የምትሉኝ ከቀብር በኋላ ኑ፤ ለንስሐ አባቴም የምናገረው ያን ጊዜ ነው።

ሐኪሙን በስሙ እጠራለሁ። መሐንዲሱን፣ የታሪኩን፣ የነፋሱን መምህር። ወርቄን ከነአባቷ ስም። ኃላፊው ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ከፊት ቆሞ ስሙን ይጠብቃል፤ ስሙ ግን አይጠራም። ከዚያ «ጭቃ ማቡካት ምርምር አይደለም ተብላለች» ብዬ አነባለሁ። ማን እንዳላት አልናገርም። ስብሰባው ላይ የነበሩት ሁሉ እዚያው ይቆማሉ። ዓይናቸው ወዴት እንደሚዞር እሱ ራሱ ይየው።

ቀስ ብዬ ነው የማነበው። እየተቀጣሁ የተማርኩት ንባብ ነው፤ አንድ ቃል አይጠፋም።

ሰብለ ልጄ፣ ወረቀት አይስልም ብለሽ ነበር። ነገ በእጄ የምይዘው ወረቀት ነው፤ ስለዚህ ወርቄን አጠገቤ አቆማታለሁ። የእኔ ድምፅ ቢቆረጥ እሷ በቃሏ ትጨርስልሻለች። ደረቷ ይችላል፤ አንቺ ነሽ የመለስሽላት።

አሁን ጫማሽን ፍቺና ዕረፊ።