ሆሳዕና የጻፈችው ዜና

ሆሳዕና አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው። ቤታቸው የሚነገረው ቤንችኛ ነበር። ሌላው ሰው ልብ ሳይለው የሚያልፈውን ቃል እሷ ቆም ብላ የምታየው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ የዜና አርታኢ ከሆነች በኋላም ልማዷ አልለቀቃትም። «ሁለት ሰዎች ሲሞቱ ሠላሳ ኩንታል ቡና ወድሟል» የሚል ዜና ከመጣላት ሰውና ቡናን በአንድ ዓረፍተ ነገር አታሳልፍም። ጋዜጠኞቹ ሥራ ታጓትታለች እያሉ ያሟት ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ ቡና በሚለቀምበት ወቅት፣ ከቴፒ ለቃሚዎች ጭኖ የሚመጣ አይሱዙ መንገድ ስቶ ገደል ገባ። ሦስት ለቃሚዎችና ሹፌሩ ሞቱ። ሹፌሩ አሞጽ ታናሽ ወንድሟ ነበር።

ከለቅሶ ተመልሳ ሥራ በጀመረች ሰሞን ይትባረክ የሚባለው ባልደረባዋ ስለ አደጋው የጻፈው ዜና ጠረጴዛዋ ላይ ደረሰ። «በአሽከርካሪው ጥፋት» ይላል። ትራፊክ ፖሊስ እንዲህ ብሎ እንደሆነ ጠየቀችው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነው አላት። ራሷ ብትደውል ለወንድሟ አደላች እንዳይባል እሱ እንዲደውል አደረገች። ምክንያቱ ገና እየተጣራ ነው ተባለ። ዜናው እንደዚያው ተስተካክሎ ተላለፈ።

ምርመራው ሲያልቅ ውጤቱ መጣ። መኪናው እንከን አልነበረበትም፤ አሞጽ ቁልቁለቱን በፍጥነት ነድቶ ነው። የጣቢያው ኃላፊ አቶ ሸዋንግዛው ይህን ዜና እሷ እንዳትነካው፣ ይትባረክ እንዲጨርሰው አዘዙ። እሷ ግን ከመነበቡ በፊት ልየው አለች። ይትባረክ የጻፈው «ከመጠን ያለፈ ፍጥነት በመታየቱ አደጋው ሊከሰት ችሏል» የሚል ነበር። ደጋግማ አነበበችው።

«ይትባረክ፣ እዚህ ውስጥ የሚነዳ ሰው የለም» አለችው።

«ላንቺ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ሌላ ሹፌር ቢሆን ግን እንዲህ አትጽፍም ነበር።»

አቶ ሸዋንግዛውን አስፈቅዳ ቁጭ ብላ እንደገና ጻፈችው። «አሽከርካሪው አሞጽ መኪናውን ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ መንዳቱን ፖሊስ አረጋግጧል። ህሊና ተረፈ፣ ሱሀይላ ሸምሱና ሚካኤል ባስልኤል ሞተዋል፤ አሽከርካሪውም ሞቷል።» እስከዚያ ቀን ድረስ ሦስቱ በዜና ላይ «የቀን ሠራተኞች» እንጂ ስም አልነበራቸውም። ጽሑፉን ለዜና አንባቢው ሰጥታ ግቢ ወጣችና ዜናው እስኪያልቅ ቆመች።

ቤት ስትደርስ እናቷ ውድነሽ ሬዲዮውን አጥፍተው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። የጻፈችው እሷ እንደሆነች ጠየቋት፤ አልካደችም።

«ሞተ ማለትሽን ችዬው ነበር፤ ነዳ ያልሽው ነው አንጀቴን የቆረጠው» አሏት በቤንችኛ።

«ነድቷል እኮ፣ እማዬ።»

ውድነሽ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ለሳምንታት ከልጃቸው ጋር የሚነጋገሩት ስለ ቤት ጉዳይ ብቻ ሆነ። ሆሳዕናም ሥራ ቦታ እጇ ከበዳት። አንዳንዴ የሰው ስም ያለበት ዜና ስታይ ፊቷን አዙራ ትቀመጣለች። ትክክል መሥራቷን አልተጠራጠረችም፤ ትክክል መሆኑ ግን ልቧን አላሳረፈላትም።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እናቷ መንገድ ላይ ቆም አሉ። ከሞቱት ለቃሚዎች አንዷ የነበረችው የህሊና ወላጆች ቤት የት እንደሆነ ጠየቋት። ሸዋ ቤንች ወረዳ ነው አለቻቸው።

«ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይለይ ምን ብዬ እሄዳለሁ እያልኩ ነበር የቆየሁት» አሉ ውድነሽ። «አሁን የምለው አለኝ። ውሰጂኝ።»

ሽማግሌ አስቀድመው ሄዱ። የህሊና አባት ተረፈ በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ውድነሽ በሰውየው ጉልበት ላይ ሊወድቁ ሲሉ ያዟቸው። «ልጄ ነው የነዳው፤ ይቅር በሉን» አሉ ውድነሽ። ሰውየው ይቅርታው ጊዜ እንደሚፈልግ፣ መምጣታቸውን ግን እንደማይረሱት ተናገሩ። ከዚያ ወደ ውስጥ አስገቧቸው። ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፤ ለህሊናም ለአሞጽም።