የአሻንጉሊቷን ንቅሳት የሸፈነው ባለሱቅ

የኔ ጣት ስልክ ላይ መጻፍ አያውቅም፤ የምትጽፍልኝ ልጄ ስንዱ ናት። ቁጣው ግን የኔ ነው፤ እንዳታለዝቢው ብያታለሁ።

ዛሬ ሐይቅ ከተማ አሻንጉሊቶቻችንን የሚሸጥልን ባለሱቅ ዘንድ ገባሁ። የሟች ባለቤቴ አንገት በፕላስቲክ ዶቃ ታንቆ አገኘሁት።

አሻንጉሊቷን ማለቴ ነው። ስንዱ እንደ ሲኒ ነጭ በሚሆነው ሸክላ የእናቷን መልክ አውጥታ፣ የአንገቷን ንቅሳት ስላ በእሳት አበሰለችው። ጉትቻዋንና ድሪዋን ከብር የሠራሁት እኔ ነኝ። ድሪውን ያቀጠንኩት ንቅሳቱ እንዲታይ ብዬ ነው።

"ምን አደረግሃት?" አልኩት።

"አባባ፣ ንቅሳት ገዢ ያሸሻል። በሽቦ ብፈገፍገው አልለቅ አለኝ፤ በዶቃ ሸፈንኩት።"

አይለቅማ፤ እሳት የበላው ቀለም ነው። እሷም በሕይወት ሳለች "ሐኪም ዘንድ ሄደሽ አስጠፊው" ያላትን ሁሉ "አንገቴን የሰጠኝ ሐኪም ነው?" ትለው ነበር።

ዶቃውን ገነጠልኩት። ያጣበቀበት ሙጫ ግን አልለቀቀም፤ ሽቦውም አገጯን ጭሮታል።

"በቃ፣ ያለ ንቅሳት ሌላ ይሥሩልኝ" አይለኝም?

"የራስህን እናት አምጣና እሷን ፈግፍገህ ሽጥ" አልኩት።

በጋቢዬ ጠቅልዬ በባጃጅ ይዣት ገባሁ። ከእንግዲህ አትሸጥም።

እናታችሁ ንቅሳት ካላት ፎቶዋን እዚህ ሥር አስቀምጡ። ሸፍኚው ላላት ሰው ምን ብላ እንደመለሰችለትም ጻፉልኝ።

በይ ስንዱ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ስለ እናቱ ያልኩትን ከዘለልሽው አውቃለሁ።